«በመጠናቀቅ ላይ ነው»፦ የክልሉን ምክር ቤት ጥያቄና መልስ እንዴት እንስማው?

የአማራ ክልል ምክር ቤት ባሕር ዳር ላይ ለጉባኤ ሲቀመጥ በጣም የሚጠበቀው ሰዓት የጥያቄና መልሱ ነው። ርዕሰ መስተዳድሩ የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ያቀርባሉ። ከዚያ አባላቱ ተራ በተራ ይነሳሉ። የወረዳችን መንገድ የት ደረሰ? የውኃ ጉድጓዱ ከተቆፈረ ቆይቷል፣ ፓምፑ መቼ ነው የሚገጠመው? ሕዝቡ ለጤና መድን ከፍሎ መድኃኒት ከግል ፋርማሲ እየገዛ ነው፣ ይህ እስከ መቼ ይቀጥላል? መብራቱስ?

መልሱ ሲመጣ ጆሯችን የለመዳቸው ሐረጎች አሉበት። «በመጠናቀቅ ላይ ነው።» «በልዩ ትኩረት ይዘነዋል።» «ከፌዴራል መንግሥት ጋር እየተነጋገርን ነው።» «የጸጥታው ሁኔታ ፈትኖናል።» ማታ ዜናው በጥቂት ደቂቃ ያልፋል። በማግሥቱ ቡና ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ፌስቡክ ላይ ክርክሩ ይጦፋል። አንዱ ሁሉም ጥያቄ ተመልሷል ይላል። ሌላው ምንም አልተመለሰም ይላል።

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚዞረው በመላሹ ሰው ዙሪያ ነው። መልሱ ራሱ ሳይመረመር ያልፋል። መልሱን ለመመዘን ግን የሚረዱ ቀላል ጥያቄዎች አሉ። ፕሮጀክቱ የማን ነው? ብሩ ከየት ይመጣል? የተነገረው መቶኛ የምን መቶኛ ነው? እነዚህ ሳይለዩ የተሰጠ መልስ እውነት ቢሆን እንኳ ለጠያቂው ወረዳ የሚጨበጥ ነገር አይተውለትም።

## ሁለቱ «ምክር ቤቶች»

መጀመሪያ አንድ የስም ግርታ እናጥራ። ዜና ላይ «ምክር ቤቱ ወሰነ» ሲባል ሁለት የተለያዩ አካላት ሊሆኑ ይችላሉ።

አንደኛው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ሕዝብ የመረጣቸው አባላት የሚቀመጡበት ነው፤ 294 መቀመጫ አለው። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤት በክልሉ ከፍተኛው የሥልጣን አካል እንደሆነና ተጠሪነቱም ለክልሉ ሕዝብ እንደሆነ ይደነግጋል። ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ርዕሰ መስተዳድሩን ይሾማል። ያወጣቸው ሕጎች ዝክረ ሕግ በሚባለው ጋዜጣ ይታተማሉ።

ሁለተኛው መስተዳድር ምክር ቤት ነው። ይህ ካቢኔው ነው። ርዕሰ መስተዳድሩ ይሰበስቡታል፣ የቢሮ ኃላፊዎች ይቀመጡበታል። ሥራው ማስፈጸም ነው።

ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ነገር ይለውጣል። የመጀመሪያው ጠያቂ ነው፣ ሁለተኛው ተጠያቂ። ርዕሰ መስተዳድሩ አባላቱ ፊት ቆመው መልስ ሲሰጡ ለእንግዳ ማብራሪያ እየሰጡ አይደለም። ለሾማቸው አካል ሒሳብ እያቀረቡ ነው። ስለዚህ «ጥያቄያችንን ስለሰሙን እናመሰግናለን» የሚለው ልማድ ባይከፋም የሥርዓቱን አቅጣጫ ይገለብጠዋል።

## ፕሮጀክቱ የማን ነው?

ባሕር ዳር የሚኖር ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት መንግሥት ያገኛል። ጠዋት አዲሱን የአባይ ድልድይ ይሻገራል። 380 ሜትር የሚረዝመው ይህ ድልድይ ግንቦት 2016 ተመረቀ። ያስገነባው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው ማለት ነው። ከድልድዩ ወርዶ ወደ ሰፈሩ የሚታጠፍበት ኮብልስቶን ግን የከተማ አስተዳደሩ ነው። ልጁ ታሞበት ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ቢወስደው ሆስፒታሉ የክልሉ ነው። ጥበበ ግዮን ቢወስደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በጀቱ ከፌዴራል ይመጣል። ማታ መብራት ቢጠፋበት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋ ይደውላል፤ እሱም ፌዴራል ነው። ቧንቧው ቢደርቅ ግን ጉዳዩ የከተማው ውኃና ፍሳሽ አገልግሎት ነው።

ለእሱ ሁሉም «መንግሥት» ነው። እንዲህ ማሰቡም ልክ ነው። ግብር ሲከፍል ኪሱን በሦስት ከፍሎ አያወጣም። የመረጠውን ተወካይ ሲያገኝም የሚነግረው የጎደለውን ነው፣ የመሥሪያ ቤቱን አድራሻ አይደለም።

አዳራሹ ውስጥ ሲገባ ግን አድራሻው ወሳኝ ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 የአየርና የባቡር፣ የውኃ ላይ ትራንስፖርት፣ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና መንገዶች፣ የፖስታና የቴሌኮም ሥራዎችን ለፌዴራል ሰጥቷል። ከአንድ ክልል በላይ የሚያካልል ወይም ድንበር የሚሻገር የውኃ ሀብት አጠቃቀምን በሕግ የሚወስነውም ፌዴራሉ ነው። ጣና የአባይ መነሻ ስለሆነ ይህ አንቀጽ በቀጥታ ይነካዋል።

ጣናን እንደ ምሳሌ እንየው። እምቦጭን መከላከልና የሐይቁን ዳርቻ መጠበቅ በዋናነት በክልሉ የጣና ሐይቅና ሌሎች የውኃ አካላት ጥበቃና ልማት ኤጀንሲ ትከሻ ላይ ነው። ከሐይቁ በዋሻ ውኃ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራው ጣና በለስ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ሐይቁ ዳር ያለው የጎርጎራ የቱሪዝም ፕሮጀክት በገበታ ለሀገር ስም በፌዴራል መንግሥት የተመራ ነው። ባሕር ዳር በኩል ያለው የሐይቁ ዳር መናፈሻና የእግር መንገድ ደግሞ የከተማው ጉዳይ ነው። ስለዚህ «ጣናን ምን አደረጋችሁት?» የሚል ጥያቄ ቢያንስ አራት ተጠያቂ አለው። አንድ ሰው ሲመልሰው በግድ ጥቅል ይሆናል።

መገጭን ደግሞ እንውሰድ። ጎንደር ከተማ የውኃ ችግር የሌለበት ጊዜ የላትም ማለት ይቻላል። የአንገረብ ግድብ በደለል ተሞልቶ አቅሙ ቀንሷል። የመገጭ ግድብ ለከተማዋ የመጠጥ ውኃ፣ ለደንቢያ ሜዳም መስኖ ይሰጣል ተብሎ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ግድቡ የፌዴራል ፕሮጀክት ነው። ጥያቄው ግን በየጊዜው ለክልሉ ይቀርባል፣ ምክንያቱም ጄሪካን ይዞ የሚሰለፈው የክልሉ ነዋሪ ነው።

ታዲያ «የፌዴራል ነው» የሚለው መልስ በቂ ነው? አይደለም። ግማሽ መልስ ነው። ክልሉ የማያስገነባው ፕሮጀክት ውስጥም ሥራ አለው። መሬት ነጻ ያደርጋል። የአካባቢውን ጸጥታ ይጠብቃል። ለተነሺዎች ካሳ ያስገምታል። ካሳው ላይ ደግሞ ትልቅ ለውጥ አለ። በ2016 በተሻሻለው ሕግ ለፌዴራል የመሠረተ ልማት ፕሮጀክቶች ጭምር ካሳ የመክፈሉ ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ከተሞች ዞሯል። የለውጡ ደጋፊዎች የካሳ ግምት ያለ ልክ ይጋነን ነበር፣ አሁን የሚገምተውና የሚከፍለው አንድ ስለሆነ ይስተካከላል ይላሉ። ተቺዎች ደግሞ ክልሎች ይህን የሚሸከም ካዝና የላቸውም፣ ገበሬው መሬቱን ለቅቆ ክፍያ ሲጠብቅ ይኖራል ይላሉ። ሁለቱም ስጋቶች እውነተኛ ናቸው። ለእኛ ርዕስ ዋናው ግን ይህ ነው፦ አንድ የፌዴራል መንገድ ቆሞ ሲገኝ ምክንያቱ አሁን የክልሉ ያልተከፈለ ካሳ ሊሆን ይችላል። «ከፌዴራል ጋር እየተነጋገርን ነው» የሚለውን ስንሰማ ቀጣዩ ጥያቄ በእናንተ በኩል የቀረው ምንድን ነው የሚለው መሆን አለበት።

## ብሩ ከየት ይመጣል?

የክልሉ በጀት ሁለት ዋና ምንጭ አለው። አንዱ ክልሉ ራሱ የሚሰበስበው ግብርና ገቢ ነው። ሌላው ከፌዴራል የሚመጣው ድጎማ ነው። ድጎማው ለክልሎች የሚከፋፈለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያወጣው ቀመር ነው። አማራ ክልል ከኦሮሚያ ቀጥሎ ሁለተኛውን ትልቅ ድርሻ ያገኛል።

በጀቱ ራሱ ደግሞ በሁለት ይከፈላል። መደበኛ በጀት ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ መድኃኒት፣ የቢሮ ሥራ ማስኬጃ ነው። ካፒታል በጀት መንገድ፣ ግድብ፣ ትምህርት ቤት የሚሠራበት ነው። ሕዝብ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ካፒታል በጀትን ነው። ብሩን የሚበላው ግን መደበኛው ነው። በተለይ ወረዳ ላይ። አማራ ክልል በ1995 በጀት ዓመት ለወረዳዎች ጥቅል በጀት መስጠት ከጀመሩት አራት ክልሎች አንዱ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ወረዳው ችግሩን ስለሚያውቅ ራሱ ይወስን የሚል ነው። በተግባር ግን ከሚደርሰው ብር አብዛኛው ለመምህራን፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለግብርና ሠራተኞች ደመወዝ ይውላል። የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ በ2017ም በ2018ም ተሻሽሏል። ጭማሪው ተገቢ ነበር፣ ኑሮ ከብዷልና። ያንኑ ያህል ግን ለሌላ ሥራ የሚተርፈው ይጠብባል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። አዲስ ጤና ጣቢያ ሲገነባ የካፒታል ወጪው አንዴ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ ነርስ፣ መድኃኒት፣ መብራትና ጥገና ይፈልጋል። ይህ መደበኛ በጀት ነው። «ይሠራልን» ለሚለው ጥያቄ «እሺ» ማለት ለቀጣዮቹ 20 ዓመታት ወጪ መፈረም ነው። በየወረዳው ተገንብተው ቁልፍ የተዘጋባቸው ሕንፃዎች ከዚህ ስሌት ጉድለት የመጡ ናቸው።

የመድኃኒቱ ጥያቄም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዷ እዚሁ ጣና ዳር ያለችው ፎገራ ናት። አሠራሩ እንዲህ ነው። አባወራው በዓመት መዋጮ ይከፍላል። ሲታመም በነጻ ይታከማል። ጤና ጣቢያውና ሆስፒታሉ ያከሙበትን ሒሳብ ከመድኑ ያስመልሳሉ። በዚያ ብር እንደገና መድኃኒት ይገዛሉ። መድኑ ክፍያውን ካዘገየ ጤና ጣቢያው መግዣ ያጣል። መድኃኒት አቅራቢው ጋ እዳ ይቆለላል። ታካሚው «የለም፣ ከውጭ ግዛ» ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት መዋጮ ለመክፈል ያመነታል። አባል ሲቀንስ መድኑ ይዳከማል። ስለዚህ አንድ የምክር ቤት አባል ስለ መድኃኒት ቢጠይቅና መልሱ «አቅርቦቱ እየተሻሻለ ነው» ቢሆን ምንም አልተነገረውም። ሊነገረው የሚገባው መድኑ ለተቋማቱ ያልከፈለው ስንት ወር እንደሆነና መቼ እንደሚከፍል ነው። እኔ ከሁሉም የአገልግሎት ጥያቄዎች ይህን አስቀድማለሁ። ሰው መዋጮውን ከፍሎ የሚገባውን ሲከለከል ከመንገድ መዘግየት የባሰ እምነት ይሰበራልና።

የኮሪደር ልማት ላይ የሚነሳው ክርክርም የበጀት ጥያቄ ነው። ኮሪደር ልማት ሲባል ዋና ዋና የከተማ ጎዳናዎችን ከእግረኛ መንገድ፣ ከብስክሌት መስመር፣ ከመብራትና ከአረንጓዴ ስፍራ ጋር አንድ ላይ ማደስ ማለት ነው። ባሕር ዳርና ጎንደር ላይ በሰፊው ተሠርቷል። አንዳንዶች ገጠሩ ውኃ ሳያገኝ ከተማው ያምራል ብለው ይቆጫሉ። ሌሎች የቱሪስት ከተማ ካላማረ ገቢ ከየት ይመጣል ይላሉ፣ ባሕር ዳር ደግሞ ለብስክሌት የተፈጠረች ከተማ ናት። ነገሩን የሚፈታው የብሩ ምንጭ ነው። የከተማ አስተዳደር ከሊዝና ከአገልግሎት የሚሰበስበው ገቢ የከተማው ነው። ኮሪደሩ ቢቀር ያ ብር ወደ ገጠር ጉድጓድ አይሄድም። ከክልሉ ካዝና የተጨመረ ካለ ግን ጥያቄው ሙሉ በሙሉ ተገቢ ነው። ከነዋሪው መዋጮ ተሰብስቦ ከሆነም የመዋጮው ሒሳብ ለነዋሪው መነገር አለበት።

## መቶኛው የምኑ ነው?

ከአዳራሹ ከሚወጡ ቃላት ሁሉ በጣም የሚያሳስተው «በመቶ» የሚለው ነው።

እንበልና ዘንድሮ የተጀመረ አንድ የ60 ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ አለ። ለዘንድሮ የታቀደው 10 ኪሎ ሜትር ነው። 9 ኪሎ ሜትር ተሠራ። ሪፖርቱ «አፈጻጸሙ 90 በመቶ ነው» ቢል አልዋሸም። የዘንድሮው ዕቅድ 90 በመቶ ተፈጽሟል። መንገዱ ግን የተሠራው 15 በመቶ ነው። ሰሚው 90 ሲሰማ መንገዱ ሊያልቅ ነው ብሎ ይሄዳል። በቀጣዩ ዓመት «አሁንም አላለቀም» ሲባል ተታለልኩ ይላል። እውነቱን ነው፣ ማንም ሳይዋሸው ተታልሏል።

ሁለተኛው ወጥመድ በአካላዊና በፋይናንስ አፈጻጸም መካከል ያለው ነው። አካላዊ አፈጻጸም መሬት ላይ ያለው ሥራ ነው፤ ፊዚካል የሚሉት ነው። የፋይናንስ አፈጻጸም የተከፈለው ብር ነው። ተቋራጭ ሥራ ሲጀምር ቅድመ ክፍያ ይወስዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ብሩ ከሥራው ቀድሞ ይታያል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሥራው ተሠርቶ ክፍያው ሊዘገይ ይችላል። ሁለቱ ቁጥሮች በሰፊው ከተራራቁ አንድ ነገር እየነገሩን ነው። ብዙ ተከፍሎ ትንሽ ከተሠራ ተቋራጩን እንይ። ብዙ ተሠርቶ ትንሽ ከተከፈለ አሠሪውን እንይ፤ ያ ተቋራጭ በቅርቡ ማሽኑን ጭኖ መሄዱ አይቀርም። ሪፖርት ላይ አንዱ ብቻ ሲነገር ግን ይህ ሁሉ ይደበቃል።

ሦስተኛው «ተጠናቀቀ» የሚለው ቃል ነው። ፕሮጀክት ሲያልቅ መጀመሪያ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል። ጉድለቱ ታይቶ ከተስተካከለ በኋላ የመጨረሻ ርክክብ ይመጣል። ከዚያም ባሻገር አገልግሎት መስጠት የሚባል ነገር አለ። ተቆፍሮ ፓምፕ ያልተገጠመለት ጉድጓድ በቁፋሮ ሪፖርት ላይ ተጠናቋል። ፓምፕ ተገጥሞለት ትራንስፎርመር ያላገኘውም በተከላ ሪፖርት ላይ ተጠናቋል። እናትየዋ ግን ዛሬም ምንጭ ትወርዳለች።

## ለምን ይጓተታል?

የሚሰጡት ምክንያቶች በአብዛኛው እውነት ናቸው። ችግሩ ሁሉም በአንድ ከረጢት መታሰራቸው ነው።

ጸጥታ ትልቁ ነው። ከ2013 እስከ 2015 በሰሜኑ ጦርነት የክልሉ ብዙ አካባቢዎች ተጎድተዋል። ያ ሳይጠገን ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ ለስድስት ወር ነበር፣ ከዚያ ለአራት ወር ተራዘመ። አዋጁ ቢያበቃም ግጭቱ አላበቃም። መንገድ ሲዘጋ ሲሚንቶ አይደርስም። ተቋራጭ ማሽኑን ያሸሻል። ግብር ሰብሳቢ ገጠር አይገባም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መደበኛ አፈጻጸም መጠበቅ አይቻልም።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሬንጅ፣ ፓምፕ፣ ፌሮ፣ የማሽን መለዋወጫ፣ ሁሉም ራሱ ወይም ጥሬ ዕቃው በአብዛኛው የሚመጣው ከውጭ ነው። በድሮ ዋጋ የፈረመ ተቋራጭ ሥራውን ከቀጠለ ይከስራል። የዋጋ ማስተካከያ ይጠይቃል። አሠሪው መሥሪያ ቤት ደግሞ በጀቱ አስቀድሞ ጸድቋል፤ ልጨምር ቢል ከሌላ ፕሮጀክት መቀነስ አለበት። ድርድሩ ወራት ይወስዳል። እስከዚያ ሥራው ይቆማል።

ሦስተኛው ብዙም አይነገርም። ከ2011 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ውስጥ ክልሉ አምስት አዳዲስ ርዕሰ መስተዳድሮች ተሾመውለታል። ዶክተር አምባቸው መኮንን ሰኔ 2011 ባሕር ዳር ላይ በተፈጸመው ጥቃት ሕይወታቸው አለፈ። ከእሳቸው በኋላ አቶ ተመስገን ጥሩነህ፣ አቶ አገኘሁ ተሻገር፣ ዶክተር ይልቃል ከፋለ መጡ፤ ነሐሴ 2015 አቶ አረጋ ከበደ ተሾሙ። አንድ መካከለኛ ግድብ ወይም መንገድ ከጥናት እስከ ርክክብ አምስት ስድስት ዓመት ይፈልጋል። በዚህ ፍጥነት የመሠረት ድንጋይ ያስቀመጠው፣ ጨረታውን ያወጣው፣ የዘገየበትን ምክንያት የሚያስረዳውና የሚመርቀው የተለያዩ ሰዎች ይሆናሉ። አዲሱ መሪ «ያልጀመርኩትን እንዴት ልጠየቅ» ሊል ይችላል። ተጠያቂው ግን ተቋሙ ነው። ውሉን የፈረመው ቢሮው ነው፣ ቢሮው ደግሞ አልተለወጠም።

እነዚህን ምክንያቶች ለመለየት ቀላል መፈተኛ አለ። ፕሮጀክቱ ከሐምሌ 2015 በፊት የት ነበር? በጊዜው እየሄደ ቆይቶ ከዚያ በኋላ ከቆመ ጸጥታው ነው ቢባል ያሳምናል። ከዚያ በፊትም ዓመታት ዘግይቶ ከነበረ ግን ጸጥታው የመጀመሪያው ምክንያት ሊሆን አይችልም። መገጭ ለምሳሌ ከግጭቱ በፊትም የዘገየ ነበር። የባሕር ዳር ስታዲየምም እንዲሁ። በ2014 መጀመሪያ ብሔራዊ ቡድኑ ከደቡብ አፍሪካ ከተጫወተበት በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መስፈርቱን አላሟላም ብሎ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ከልክሎታል። የጎደሉት ነገሮች የቆዩ ነበሩ።

## ጥያቄው ሥርዓት ነው ወይስ ሥነ ሥርዓት?

ስለ መድረኩ ራሱ ሁለት አስተያየት አለ። አንደኛው ወገን የምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ የገዢው ፓርቲ ነው፤ ጠያቂውም መላሹም አንድ ፓርቲ ውስጥ ናቸው፤ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው ይላል። ከ2015 ወዲህ የታሰሩ የምክር ቤት አባላት መኖራቸውንም ያነሳል። አባል ደፍሮ ለመጠየቅ ከመዘዝ ነጻ መሆን አለበት፤ ይህ ስጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ሌላው ወገን ደግሞ ጥያቄዎቹን ስሙ ይላል። የአንድ ፓርቲ አባላትም ቢሆኑ ከወረዳቸው ይዘውት የሚመጡት ብሶት እውነተኛ ነው። መንገድ፣ ውኃ፣ ማዳበሪያ፣ መብራት ፓርቲ አይለይም። በቃለ ጉባኤ መስፈሩም ራሱ ዋጋ አለው። ያልተጠየቀ ነገር በጀት ውስጥ አይገባም።

እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፣ ግን በአንድ ቅሬታ። አሁን ባለው ልማድ ብዙ አባላት በተከታታይ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ መልሱ በአንድ ረጅም ንግግር ይሰጣል። 30 ጥያቄ ሲጠራቀም መላሹ በዘርፍ ይመድበዋል፤ መሠረተ ልማት፣ ጤና፣ ትምህርት፣ ጸጥታ እያለ። በዚህ ምደባ ውስጥ የሊቦ ከምከም ወረዳ ድልድይና የአለፋ ወረዳ መንገድ «የገጠር መንገድ ተደራሽነት» ሆነው ይቀልጣሉ። ጠያቂው እንደገና የሚነሳበት ዕድል ጠባብ ነው። ይህ የክፋት ውጤት አይደለም፣ የአሠራር ነው። አሠራር ደግሞ ይስተካከላል። ጥያቄው አስቀድሞ በጽሑፍ ቢገባ፣ ቢሮው ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት ባለቤቱን፣ የተመደበውን ብር፣ ሁለቱንም መቶኛና የሚያልቅበትን ቀን በአንድ ገጽ አዘጋጅቶ ለአባላቱ ቢያድል፣ የአዳራሹ ሰዓት ለክርክር ይተርፍ ነበር።

አባላቱም ድርሻ አላቸው። «ስለ መንገዱ ምን ታስቧል?» የሚል ጥያቄ «ታስቧል» በሚል መልስ ይዘጋል። «ውሉ የተፈረመው በስንት ነበር፣ አሁን ስንት ደረሰ፣ የቀረው ለዘንድሮ ተይዟል ወይ?» የሚል ጥያቄ ግን በጥቅል ቃል አይመለስም።

## አዳራሹ ሲዘጋ

የጥያቄና መልሱ ትክክለኛ ዋጋ የሚታወቀው ካሜራው ከወጣ በኋላ ነው። ምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴዎች አሉት። እነዚህ ቢሮዎችን እየጠሩ ይጠይቃሉ፣ ወደ ወረዳ ወርደው የመስክ ምልከታ ያደርጋሉ። የክልሉ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤትም ሪፖርቱን ለምክር ቤቱ ያቀርባል። ኦዲተሩ ሒሳብ ብቻ አይመረምርም፤ በክዋኔ ኦዲት ብሩ የታሰበለትን ሥራ ሠርቷል ወይ ብሎ ያያል። የዜና ሰዓት የሚያገኘው ንግግሩ ቢሆንም ብዙ ቁም ነገር ያለው እነዚህ ሪፖርቶች ውስጥ ነው። የክልሉ መገናኛ ብዙኃን ለንግግሩ የሚሰጡትን ጊዜ ግማሹን ለኦዲት ግኝቱ ቢሰጡ የሕዝቡ ክርክር መልኩን ይለውጣል።

ከዚያ ሐምሌ ይመጣል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ምክር ቤቱም አዲሱን በጀት ያጸድቃል። በየካቲት «በልዩ ትኩረት ይዘነዋል» የተባለው ድልድይ በሐምሌው የካፒታል በጀት ዝርዝር ውስጥ ስሙና ብሩ ካለ መልሱ እውን ሆኗል። ከሌለም ያ ወረዳ ተወካዩን ጠርቶ «እጅህን አውጥተህ ያጸደቅኸው በጀት ውስጥ ድልድያችን የታለ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።